እዚያ ሰው አለህ?

ለእናቴ «ለእረፍት ሞንጎሊያ ልሄድ ነው» ስላት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስንት ቀን ትቆያለህ አላለችም። በስንት ብር አላለችም። ቡናዋን እየቆላች፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሣ፣ «እዚያ ሰው አለህ?» አለች።

«የለኝም» አልኳት።

እጇ ቆመ። ቡናው መጨስ ጀመረ። «ሰው ከሌለህ ታዲያ ምን ልታደርግ ትሄዳለህ?»

መልስ አልነበረኝም። በእኛ ቤት ሰው ከቀዬው የሚወጣው ለሦስት ጉዳይ ነው፦ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለንግሥ። በሦስቱም የሚቀበል ዘመድ፣ የሚነጠፍ ፍራሽና «ምነው አረፈድክ» ብላ የምትቆጣ አክስት አለች። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሐዋሳን ያየው የአጎቱ ልጅ ያረፈ ጊዜ ነው። ሐይቁን ያየው ደግሞ ከቀብር መልስ፣ የመኪናው ጎማ እስኪቀየር ድረስ ነው። ሐዋሳ በተነሣች ቁጥር «ደግ አገር ናት፤ ሰዉ ግን ለቅሶ ያበዛል» ይል ነበር።

«ሞንጎሊያ ያልከው ማንጎ የሚበቅልበት ነው?» አለች እናቴ፣ ነገሩን ለማቅለል።

«ማንጎ አይበቅልም። እንዲያውም ብዙ ነገር አይበቅልም።»

ይህም ጉዳዬን አልረዳውም።

እኔ በሙያዬ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። በመሥሪያ ቤቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቅጃለሁ። ቢፒአር ሲመጣ ነበርኩ፤ ቢኤስሲ ሲመጣ ነበርኩ፤ ካይዘን ሲመጣ መሳቢያዬን አጽድቻለሁ። ያቀድኩት ነገር ከዘጠና በመቶ በታች ተከናውኖ አያውቅም፤ በሪፖርት ማለቴ ነው። የራሴ የዓመት ፈቃድ ግን ሁልጊዜ ወይ ቤት ሳስቀባ ወይ የውኃ ቧንቧ ሠሪ ስጠብቅ ነው የሚያልቀው። ዘንድሮ የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ «የተጠራቀመ ፈቃድህ ሊቃጠል ነው» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ዕቁብ ደረሰኝ። ፈቃድና ገንዘብ በአንድ ወር ሲገናኙብኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ ገንዘቡን ለሶፋ አስባዋለች፤ ወደ ሶፋው እንመለሳለን።

ሞንጎሊያን ያገኘኋት በልጄ አትላስ ላይ ነው። የጂኦግራፊ የቤት ሥራውን ሲሠራ በትከሻው አሻግሬ ሳይ፣ በሩሲያና በቻይና መካከል አንድ ሰፊ ቡናማ መሬት ተዘርግቷል። ጽሑፍ እንኳ እምብዛም የለበትም።

«ይኼ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ሰው ስለሌለበት» አለ ልጄ።

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከላያችን ያለችው ሴትዮ ሽንኩርት ስትከትፍ ስንት ራስ እንደከተፈች ከድምፁ እቆጥራለሁ። ከጎናችን ያለው ሰውዬ ለማን ስንት እንዳበደረ፣ ማን እንደካደው አውቃለሁ። ከታች ያሉት ቡና ሲያፈሉ ጭሱን እኔ እታጠናለሁ። «ሰው የሌለበት» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ እንደ ክራር ገባ።

ያን ሌሊት ሳነብ አመሸሁ። የአገሪቱ ስፋት 1.56 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከእኛ በግማሽ ሚሊዮን ጥቂት በጎደለ ይበልጣል። ሕዝቧ 3.5 ሚሊዮን ያህል ነው። ከዚያም ግማሽ ገደማው ዋና ከተማዋ ኡላን ባቶር ውስጥ ተጨናንቋል። አዲስ አበባ ብቻዋን ተነሥታ ለጥየቃ ብትሄድ፣ ለእያንዳንዱ ሞንጎሊያዊ፣ ሕፃኑም ሳይቀር፣ አንድ አንድ እንግዳ ደርሶት ይተርፋል። ከብቱ ግን 60 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በግ፣ ፍየል፣ ላም ከነያኩ፣ ፈረስና ግመል፤ ባንድ ላይ «አምስቱ አፍንጫ» ይሏቸዋል። ሽንኩርት የሚከትፍ አፍንጫ ከመካከላቸው የለም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ኤክሴል ከፈትኩ።

አሥራ አራት ቀን፣ ዘጠኝ ቦታ። ለእያንዳንዱ ዓላማ፣ ግብ፣ ዝርዝር ተግባርና ፈጻሚ አካል ጻፍኩለት። ፈጻሚ አካል በሚለው ሥር ከላይ እስከ ታች «እኔ» ይላል። «ሊያጋጥሙ የሚችሉ ሥጋቶች» የሚለውን «የለም» ብዬ ሞላሁ። ርቀቱን በልጄ ማስመሪያ ለካሁ። ከኡላን ባቶር እስከ ምዕራቡ ጫፍ ስድስት ሴንቲ ሜትር ናት። ስድስት ሴንቲ ሜትር ከአንድ ቀን አይበልጥም ብዬ አንድ ቀን መደብኩለት። ሰንጠረዡን ቀለም ቀባሁት፤ አማረ። አማካሪ ቢያየው ያስተምርበታል።

ያየው ግን አማካሪ ሳይሆን ጋሼ ነው። ጋሼ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። በ1970ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ተምረዋል። መኝታ ክፍል የሚጋራቸው ሞንጎሊያዊ ተማሪ እንደነበረ ስለማውቅ ሰንጠረዡን አትሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ያቀደው ማነው? አሞራ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ይቺ ሦስተኛ ቀን ላይ ያለችው፣ ባያን ኡልጊ ያልካት፤ ከዋና ከተማው ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነች። አዲስ አበባ ተነሥተህ ጎንደር ደርሰህ ብትመለስ ገና ይቀርሃል። አንተ ለምሳ እደርሳለሁ ብለሃል።»

«አስፋልት ካለ ብዬ ነው።»

«አስፋልትማ ዋና ዋናው ላይ አለ። ከዚያ ስትወጣ ግን መንገድ የሚባለው ሹፌሩ ነው። አንዱ የጎማ ዱካ ሲቦረቦር በጎኑ ሌላ ይከፍታሉ፤ እሱም ሲበላሽ ሌላ። አሥር መንገድ ጎን ለጎን ታያለህ፤ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይሄዳሉ፤ ወይም አይሄዱም። በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ከሄድክ አመስግን።»

ከዚያ ጋሼ ስለ መኝታ ክፍል ጓደኛቸው አጫወቱኝ። አንድ ቀን «ቤታችሁ የት ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ ልጁ ትንሽ አሰብ አድርጎ «በበጋ ነው ወይስ በክረምት?» አላቸው። ጋሼ ያን ጊዜ የቀለደባቸው መስሏቸው ሁለት ቀን አኮረፉት። አሁን ሲያስቡት ግን ከልጁ የበለጠ ትክክለኛ መልስ የሰጣቸው ሰው የለም።

ሰንጠረዡን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁና መቁረጥ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሄደችው ባያን ኡልጊ ናት። እዚያ አልታይ ተራሮች ሥር የሚኖሩት ካዛኮች በንስር ያድናሉ፤ ንስሯን ክንዳቸው ላይ አስቀምጠው በፈረስ ይወጣሉ፤ ቀበሮ ይዛ ትመለሳለች። እኔ ግን የምሄደው በሐምሌ ነው፤ አደኑ የብርድ ጊዜ ሥራ ነው፤ የንስር በዓላቸውም የሚውለው በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው። በሐምሌ ብሄድ የማገኘው ፈቃድ ላይ ያለች ንስር ነው። ፈቃድ ላይ ያለ ባለሙያ መረበሽ ደግሞ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሠረዝኳት።

ቀጥላ የሄደችው ኹቭስጉል ናት፤ በሰሜን በኩል ሩሲያ ደጃፍ ላይ ያለች ሐይቅ። ጣናችን ጥልቅ በሚባልበት ቦታ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ይህ 262 ሜትር ይወርዳል። የአገሪቱ የገጸ ምድር ጨው አልባ ውኃ 70 በመቶ ያህሉ እዚያ ነው ያለው። ሐይቁ ይታይልኝ ብል መሄጃና መመለሻው ብቻ ከፈቃዴ ሲሦውን ይበላል። የአባቴ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሐይቅ ለእኛ ቤት በጎማ ቅየራ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው። እሷም ተሠረዘች።

ጎቢን ግን እምቢ አልኩ። ጎቢ ሲባል እንደ ሲኒማ ወርቃማ አሸዋ ብቻ መስሎኝ ነበር። አብዛኛው ጠጠርና ደረቅ ሣር ነው። አሸዋው በቦታ በቦታው አለ፤ ዮሊን አም የሚባል ሸለቆ ደግሞ ከበረሃው መካከል በሐምሌ ጭምር በረዶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እኔን የያዘኝ ግን ባያንዛግ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ፍም የሚቀላ ገደል። እ.ኤ.አ. በ1923 ሮይ ቻፕማን አንድሩስ የሚባል አሜሪካዊ አሳሽ የመራው ቡድን የዳይኖሰር እንቁላል ከነጎጆው ያገኘው እዚያ ነው። ከአንደኛው ጎጆ ላይ የአንዲት ሌላ እንስሳ አጽም ተገኘ። ሊቃውንቱም ተመካከሩና፣ ይቺ የሌላውን እንቁላል ስትሰርቅ የሞተች ናት ብለው ፈረዱ። ስሟንም በ1924 «ኦቪራፕተር» አሏት፤ እንቁላል ሌባ ማለት ነው። ሰባ ዓመት ገደማ አለፈ። በ1990ዎቹ እዚያው ጎቢ ውስጥ ተመሳሳይ እንቁላል ከነሽሉ ሲገኝ ለካስ እንቁላሉ የገዛ ዘሯ ኖሯል። ሌባ የተባለችው ወላጅ ናት። ስሟ ግን አልተለወጠም፤ የሳይንስ ስም አንዴ ከተመዘገበ እንዲህ በዋዛ አይነሣም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ነበር የማውቀው፤ ይህን ያወጣው መልአክ በጣም ቸኩሎ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርድ የተሰጠበትን ቦታ ሄጄ ይቅርታ ብጠይቅ ደስ ይለኛል፤ ጎቢ ጸናች።

ካራኮረምም ጸናች፤ እሷ እንኳ በሆድ ምክንያት ነው። የጀንጊስ ካን ልጅ ኦገዴይ ቅጥር ያሠራላት ዋና ከተማ ነበረች። በ1254 ዊልያም ዘሩብሩክ የሚባል መነኩሴ ከአውሮፓ ተነሥቶ ደርሶባታል። በቤተ መንግሥቱ ያየውን ጽፎ ትቷል፦ አንድ የፓሪስ አንጥረኛ ከብር የሠራው ትልቅ ዛፍ፣ ከውስጡ አራት ዓይነት መጠጥ የሚወርድበት። አንዱ ወይን፣ አንዱ የፈረስ ወተት፣ አንዱ ከሩዝ የተጠመቀ፣ አራተኛው ከማር የተሠራ። ከማር የተሠራ! ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ብድግ አሉ። «ጠጅ ከዛፍ የሚወርድበት ቤት?» አሉ። «አዎ ጋሼ፤ ሰባት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ አርፍጃለሁ እንጂ።» ዛሬ ዛፉም ቤተ መንግሥቱም የሉም። ከፍርስራሹ ድንጋይ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኤርደኔ ዙ የሚባል ገዳም ሠርተውበታል፤ ቅጥሩን መቶ ያህል የጸሎት ሐውልቶች ከበውታል።

ሌሎቹ ተሠርዘው ቦታው ሲስተካከል ቀኑ ተበላሸ። ሞንጎሊያ ከሄዱ ናዳምን ነው ማየት ተባልኩ፤ ትልቁ ክብረ በዓላቸው ነው። ከሐምሌ 4 እስከ 6 ይውላል። ትግል፣ ቀስትና የፈረስ ግልቢያ። በብሔራዊው ትግል 512 ታጋይ ይገባል፤ ኪሎ አይለይም፤ ቀጭኑም ወፍራሙም የደረሰውን ይገጥማል፤ በዘጠነኛው ዙር አንድ ይቀራል። ያ አንድ «አንበሳ» ይባላል። ይህን ማዕረግ ከእኛ ሳያስፈቅዱ እንደወሰዱት ይሰማኛል። ፈረሱን የሚጋልቡት ሕፃናት ናቸው፤ የሚጋልቡትም በሜዳ አጥር ውስጥ ሳይሆን በገላጣው ሜዳ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ነው። ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የሁለት ዓመት ፈረሶች ግልቢያ ነው፤ መጨረሻ የወጣው ፈረስ ይዘፈንለታል። ለከርሞ ይቅናህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም የሚል መንፈስ ያለው ዘፈን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሪፖርት ጽፌ «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» ከሚል ርዕስ በቀር ለመጨረሻው ምንም አግኝቼለት አላውቅም። እነሱ ዜማ አላቸው።

ታዲያ ሐምሌ 4 ለእኛ ምንድን ነው? የሐዋርያት ጾም የመጨረሻው ቀን። ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ ይፈታል። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለኝ 26 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲወጣለት የምበላበት ቢበዛ 19 ቀን። ይህ ለአብዛኛው አገር ይበቃል። ሞንጎሊያ ግን የምግቡ ነገር ሁለት ነው፤ ሥጋና ወተት። በበጋ ወተቱ ያይላል፤ «ነጭ ምግብ» ይሉታል፤ እርጎው፣ ዓይቡ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀው አሩል። በጾም ቀን የሚቀረኝ ሻይ ብቻ ነው ብዬ ሳነብ፣ ሻዩም ወተት አለበት፤ ከወተቱ ጋር ጨው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አይራግ አለ። የፈረስ ወተት ነው፤ ተንጦና ተብላልቶ እንደ ጠላ የሚጎረብጥ፤ በበጋ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርበው እሱ ነው። ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ።

«አባ፣ የፈረስ ወተት እንዴት ነው?»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ልጄ፣ አርባ ዓመት ሳናዝዝ ስለ ፈረስ ወተት የጠየቀኝ የለም። ፈረስ ሰኮናው አልተሰነጠቀም፤ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ አባ። ግን እንግዳ ሆኜ ልገባ ነው። እምቢ ማለት ነውር ነው አሉ።»

«እምቢ ላለማለት ምን ይላሉ እነሱ?»

አንብቤ ነበርና ነገርኳቸው። የማይጠጣ እንግዳ ጣሳውን በቀኝ እጁ ተቀብሎ፣ ከንፈሩን አስነክቶ፣ አመስግኖ ቢመልስ ባለቤቶቹ አይቀየሙም። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲያ ከሆነ አዋቂ ሕዝብ ነው። አንተም አስነክተህ መልስ። በሶ ደግሞ ያዝ።»

የምግቡ ነገር በበሶ ሲፈታ የባለቤቴ ጥያቄ መጣ። እሷ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ስታይ ቆይታለች። ሴት ዝም ስትል መፍራት ነበረብኝ።

«ሽንት ቤቱስ?»

«የምን?»

«በረሃው ላይ፣ ሜዳው ላይ። ሽንት ቤቱስ ወዴት ነው?»

ሰንጠረዡን ገለጥኩ፤ እንዲህ የሚል ዓምድ የለውም። ፎቶውን አየን። ሜዳ ነው። ከሜዳው ቀጥሎ ሜዳ ነው። አንድ ዛፍ፣ አንድ ቁጥቋጦ፣ አንድ አሳፋሪ ጉብታ እንኳ የለም። ሰው ያለ መጋረጃ የሚቆምበት አገር ነው። እነሱ ራሳቸው ለዚህ ነገር ሲወጡ «ፈረሱን ልየው» ይላሉ። ይህን ስነግራት ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «የእናትህ አገር ሰዎችስ ‹ወገቤን ልሞክር› ይሉ የለ?» አለች። ከዚያ ሳቋን ቁርጥ አድርጋ «እኔ ግን ፈረስ ማየት አልፈልግም፤ ሶፋ ነው የምፈልገው» አለች። የዕቁቡን ገንዘብ ወደ ሞንጎሊያ ቱግሪክ መትቼ አሳየኋት። አንዱ ዶላር ከ3,000 ቱግሪክ በላይ ነው፤ ዕቁባችን በሚሊዮን ሆነ። «እዚያ ሚሊየነር ነን» አልኳት። «ሶፋውም እዚያ ነዋ ያለው» አለች።

ያም ሆኖ ዕቅዱ ቆሞ ነበር። ያፈረሰው አንድ ደብዳቤ ነው። ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጻፍኩ፤ በትሕትና፣ በቁጥር ከፋፍዬ። መኪናው ሩሲያ ሠራሽ ነው፤ ዳቦ የመሰለው የዋዝ ቫን። በደርግ ጊዜ የኖረ ሰው ዋዝን ያውቃታል፤ በየመንገዱ ትቆማለች፤ ሹፌሩ ግን በመዶሻና በሽቦ ያስነሣታል። በዚህ ተስማማን። ከዚያ «ሰባተኛው ቀን የምናድርበትን ቤት አድራሻ ይላኩልኝ» አልኩ። መልሱ በማግስቱ መጣ፦ ቤተሰቡ በዚያ ሳምንት የት እንደሚሰፍር ገና አይታወቅም፤ ዝናቡ ይወስነዋል።

ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። ተሳስተው እንዳይሆን ብዬ ጠየቅሁ። አልተሳሳቱም። ቤታቸው ገር ይባላል፤ ከእንጨት ጥልፍልፍና ከበግ ጠጉር የተሠራ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚነሣና የሚተከል። ሣሩ ወዳለበት ይሄዳል። በ2016 የአገሪቱ ፖስታ ቤት መፍትሔ ብሎ የያዘው ዓለምን በሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ቆራርሶ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት ቃል የሚሰጥ አሠራር ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አልያዘላቸውም። በዚህ ልስቅ ስል የራሴ ቤት አድራሻ ትዝ አለኝ፤ ዕቃ ለሚያመጣልኝ ልጅ የምሰጠው፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ ሰማያዊው በር ጋ ስትደርስ ደውልልኝ። እነሱ በሦስት ቃል ጨርሰውታል።

ሰንጠረዡ ላይ «የማረፊያ ቦታ» በሚለው ሥር «ዝናቡ ይወስነዋል» ብዬ ጻፍኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የጻፍኩት የመጀመሪያው እውነተኛ ዕቅድ ይመስለኛል። ያረሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቀው የዕቅድ ባለሙያ ነው።

ተስፋ ቆርጬ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ልሰናበታት ሳይሆን ልተወው ነው ልላት። ያነበብኩትን የእንግዳ ሥርዓት ግን እንደ ተረት እያደረግሁ አጫወትኳት።

«ወደ ቤታቸው ሲጠጉ ከሩቅ ‹ኖኾይ ኾር› ብሎ መጮህ ነው። ‹ውሻ ያዙ› ማለት ነው።»

«ታዲያ ሌላ ምን ይባላል?» አለች።

«ሲሰጡህ በቀኝ እጅህ፣ ክርንህን በግራ ደግፈህ ትቀበላለህ።»

«በግራ የሚቀበል አለ እንዴ?»

«ደፍ ላይ አይቆምም፤ አይረገጥም። ወደ እሳቱ እግር አይዘረጋም፤ ቆሻሻ አይጣልበትም። የቀረበልህን ሳትቀምስ አትወጣም። ባዶ እጅህን አትገባም።»

«ሻያቸውስ?»

«ጨው ያለበት ነው።»

«እኛስ ቡናችንን በጨው አልጠጣንም? ጨው ካላቸው ሌላው አያስቸግርም።» ትንሽ ዝም አለችና «በሩን ሳያውቁህ ይከፍቱልሃል?» አለች።

ይከፍታሉ። ምክንያቱንም አንብቤዋለሁ። ክረምታቸው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ዓመት «ዙድ» የሚባል መዓት ይመጣል፤ በረዶው ሣሩን ያትመውና ከብቱ በሚሊዮን ያልቃል። ከአንዱ ገር እስከ ሌላው የቀን መንገድ በሆነበት ሜዳ፣ ደጅህ የደረሰውን ሰው ከመለስከው ገደልከው ማለት ነው። ነገ ደግሞ ከብቱ ጠፍቶበት በበረዶ ውስጥ ደጅ የሚፈልገው አንተ ነህ። ደግነቱ እንደ ዕቁብ ነው፤ ዛሬ ትጥላለህ፣ አንድ ቀን ይደርስሃል።

እናቴ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለጋትም። ያደገችው መሽቶበት ደጃፍ ላይ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለ ሰው እግሩ ታጥቦ፣ በልቶ፣ መደብ ላይ ተኝቶ፣ ጠዋት ስሙ የሚጠየቅበት ቤት ነው። ስሙ ጠዋት! እኔ በር ሲንኳኳ ትንፋሼን ይዤ በቀዳዳው አያለሁ። የላይኛዋን ጎረቤቴን ሽንኩርት በራስ በራሱ ቆጥሬ አውቃለሁ፤ ስሟን አላውቅም። አምስት ዓመት።

ሰው የሌለበት አገር ፈልጌ ነበር የተነሣሁት። ለሁለት ሰው አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስበት አገር ውስጥ ሰው ሁሉ በሩ ክፍት ነው። ሕንፃችን ስንት ሰው እንደሚኖርበት ግን ቆጥሬው አላውቅም፤ ሁሉም በሩ ዝግ ነው። በዚህ ሒሳብ ባዶው ቡናማ መሬት የትኛው እንደሆነ አትላሱ ተሳስቷል።

እናቴ ተነሥታ ከጓዳ ሁለት ኪሎ ቡና አመጣች፤ ጥሬውን፣ ለቅማ ያስቀመጠችውን።

«አንዱ ለሚያሳድሩህ ነው። ባዶ እጅህን አትግባ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ከላይ ላሉት ጎረቤቶችህ። የጎረቤትህን ደጅ ሳታንኳኳ ሞንጎሊያ ሄደህ ልታንኳኳ ነው?»

ዕቅዱ አሁን ሦስት ቦታ ነው፤ ኡላን ባቶር፣ ካራኮረምና ጎቢ። ቀኑ ከሐምሌ 4 ጀምሮ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን በሶ እበላለሁ። «ሥጋቶች» በሚለው ዓምድ ሥር «የለም» የሚለውን ፍቄ «ውሻ» ብያለሁ። ሶፋው ለከርሞ ዕቁብ ተላልፏል፤ ባለቤቴ ይህን በጽሑፍ አስፈርማኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቡናውን ይዤ አንድ ፎቅ ወጣሁና አንኳኳሁ። ከውስጥ ሽንኩርቱ ይከተፋል። ሴትዮዋ በሩን በስንጥቁ ከፈተችና «ምነው፣ ውኃ ወረደባችሁ እንዴ?» አለች። አልወረደብንም፤ ቡና ነው አልኳት። ገባሁ፤ ተቀመጥኩ፤ ስሟን ነገረችኝ። ከውስጥ ግን ክተፋው አልቆመም። ለአምስት ዓመት ሽንኩርቱን ሲከትፍ የኖረው ባሏ ነው።